የሸርጣን እጮቼ ሜጋሎፓ ሊሆኑ ሲሉ ያልቃሉ፤ መኖው ላይ ምን አጎደልኩ?

ማንግሮቭ ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው በኬንያ ጠረፍ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን ባለ አነስተኛ የሸርጣን ማስፈልፈያ ነው። የምናራባው ትልቁን የጭቃ ሸርጣን፣ ሲላ ሴራታን ነው። እዚህ ሸርጣን የሚያደልቡ የመንደር ማኅበራት ግልገሉን የሚያገኙት ከማንግሮቩ ሥር በእጅ ለቅመው ነው፤ ከዓመት ዓመት ደግሞ የሚለቀመው እየቀነሰባቸው መሆኑን ራሳቸው ይነግሩናል። ግልገል በገንዳ ፈልፍለን መስጠት ብንችል ለእነሱም ለማንግሮቩም እፎይታ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ።

አንዲት እናት ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ታቅፋ ትመጣለች። ሲፈለፈሉ ገንዳው በእጭ ይጨልማል። ዞኢያ የምንለው የእጩን የመጀመሪያ ዕድሜ ነው፣ አምስት እርከን አለው። ከዞኢያ 1 እስከ ዞኢያ 4 የሚሞተው ይሞታል፣ የቀረው ግን ደህና ይሄዳል። ችግሩ ከዞኢያ 5 ወደ ሜጋሎፓ፣ ማለትም ትንሽ ሸርጣን ከመሆናቸው በፊት ወዳለው የመጨረሻ የእጭ እርከን፣ ሊሸጋገሩ ሲሉ ነው። በ16ኛው ወይም በ17ኛው ቀን ጠዋት የገንዳው ወለል ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። በሲፎን ስቤ፣ በወንፊት ይዤ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስቀምጣቸው አብዛኞቹ ከአሮጌው ቅርፊታቸው ግማሽ ወጥተው የቀሩ ናቸው። ጀርባው ተሰንጥቋል፣ ዓይናቸው ወጥቷል፣ እግራቸውና መቆንጠጫቸው ግን ከአሮጌው ውስጥ አልተላቀቀም። እንደዚያው ሆነው ሞተዋል። ሦስት ዙር ተከታትሎ እንዲህ ሆነ።

ውሃው 29 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ ከሺህ 30 ነው። አሞኒያ በየቀኑ እለካለሁ፣ ከፍ አላለም። መኖ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች ሮቲፈር (በጣም ደቃቅ የውሃ ፍጡር) በሚሊ ሊትር 15 ገደማ፤ ከዞኢያ 3 ጀምሮ አርቴሚያ (ከደረቅ እንቁላል የሚፈለፈል ትንሽ የጨው ውሃ ፍጡር)፣ በሚሊ ሊትር ከ1 ተነስቶ እስከ 3። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጥልቅ ውሃ፦

ወንድሜ፣ በማይክሮስኮፕ ያየኸውን እንዲህ ዘርዝረህ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። እሱ ባይኖር ሁላችንም ስለ ውሃ ነበር የምናወራው። ሦስት ነገር ንገረኝ። ሮቲፈሩን ምን እየመገብክ ነው የምታሳድገው? የአርቴሚያው እንቁላል ከየት የመጣ ነው? አርቴሚያውን ለእጮቹ ከመስጠትህ በፊት በስብ ታበለጽጋለህ ወይ? የምታበለጽግ ከሆነ ሰዓቱን ጭምር ጻፍልን።

ማንግሮቭ ዳር፦

እህቴ፣ ሮቲፈሩ የሚያድገው ናኖክሎሮፕሲስ በተባለው አልጌ ነው። አልጌው ሲወድቅብን (ዝናብ ከመጣ በወር አንዴ ሁለቴ ይወድቃል) የዳቦ እርሾ እንጨምርለታለን። አርቴሚያው ከአሜሪካው የግሬት ሶልት ሌክ ሐይቅ ነው፣ በቆርቆሮ የሚመጣው። ማበልጸግ የምጀምረው ከዞኢያ 4 ነው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የዘይት ኢሙልሽን (ከውሃ ጋር እንዲቀላቀል የተዘጋጀ ዘይት) እጨምራለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት አጥልዬ ግማሹን ለእጮቹ እሰጣለሁ። ቀሪውን በባልዲ አየር እያስነፈስኩ አሳድርና ጠዋት፣ ከተረፈም ቀትር ላይ እሰጣለሁ። ክፍሉ ሌሊትም ቢሆን ሞቃት ነው፣ ወደ 29 ይደርሳል።

ጥልቅ ውሃ፦

እንግዲህ እኔ የማየውን ልንገርህ። ቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ የአኳካልቸር ማስተርስ ስሠራ ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በአርቴሚያ ማዕከሉ ቤተ ሙከራ ነው፤ በ1978 በፕሮፌሰር ፓትሪክ ሶርጌሎስ የተመሠረተው። እዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩህ ነገር ሮቲፈርም ሆነ አርቴሚያ ዕቃ መያዣ መሆኑን ነው። የከተትክበትን ይዞ ወደ እጩ አፍ ይሄዳል፣ ካልከተትክበት ባዶውን ይሄዳል። እጩ ግን ሁለቱንም እኩል ይበላቸዋል፤ ሆዱ ሞልቶ ስታየው የጠገበ ይመስልሃል።

የሸርጣን እጭ ከመኖው የግድ የሚፈልጋቸው ሁለት ረጃጅም የኦሜጋ 3 ስቦች አሉ፣ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ። የጭቃ ሸርጣን እጭ ከአጭሩ ኦሜጋ 3 ተነስቶ እነዚህን በራሱ መሥራት አይችልም። ይህን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሱፕራዩዲ፣ ታኬውቺና ሀማሳኪ ጃፓን ውስጥ በዚሁ በሲላ ሴራታ ላይ ሠርተው አሳይተዋል። ኢፒኤ ሲጎድል በሕይወት የሚተርፈው ይቀንሳል፤ ዲኤችኤ ደግሞ በሁለት እርከን መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥራል፣ የጀርባውንም ቅርፊት ያሰፋል።

አሁን ያንተን መኖ በዚህ ዓይን እንየው። ናኖክሎሮፕሲስ ኢፒኤ ሞልቶታል፣ ዲኤችኤ ግን የለውም ማለት ይቻላል። የዳቦ እርሾ ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ አልጌው በወደቀባችሁ ሳምንት ሮቲፈሮቹ ቁጥራቸው ሳይቀንስ ውስጣቸው ባዶ ሆኗል። የግሬት ሶልት ሌክ አርቴሚያም ከቆርቆሮው ሲወጣ ያለው ስብ በብዛት ያ አጭሩ ኦሜጋ 3 ነው፣ እጮችህ ሊቀይሩት የማይችሉት። ኢፒኤው ትንሽ፣ ዲኤችኤው ከዜሮ የማይሻል ነው። አንተ ደግሞ ማበልጸግ የጀመርከው ዞኢያ 4 ላይ ነው። ዞኢያ 3ን ሙሉውን ያለ ዲኤችኤ አልፈዋል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የባልዲው ጉዳይ ነው። አርቴሚያ ያጎረስከውን ዲኤችኤ አስቀምጦ አይጠብቅህም። ለራሱ ያቃጥለዋል፣ ከፊሉንም መልሶ ወደ ኢፒኤ ይለውጠዋል። ሙቀት ባለበት ክፍል ሲያድር ይህ ይፈጥናል። ማታ የሰጠኸውና ቀትር ላይ የሰጠኸው በስም አንድ መኖ ነው፣ በይዘት ግን አይደለም። አጥልለህ እንደጨረስክ የማትሰጠውን ወዲያው ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ አቀዝቅዘው፣ በቀስታ አየር ስጠው። ፍሪጅ ባይኖር የቀዘቀዘ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀያየርክ ባልዲው ውስጥ አስቀምጥ።

ኢሙልሽኑንም ተመልከተው። ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው? እነዚህ ስቦች በአየርና በሙቀት ቶሎ ይበላሻሉ። የቆየ ቅቤ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከሸተተህ ጣለው።

ፈረቃ ሌሊት፦

እህታችን ያለችው ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር እንዳይዘለል። እኔ በሳውዲ የቀይ ባሕር ዳርቻ የሽሪምፕ ማስፈልፈያ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሽሪምፕና ሸርጣን እጫቸው ቢለያይም ቪብሪዮ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚገባበት በር አንድ ነው፣ እሱም የአርቴሚያው ገንዳ ነው።

የአርቴሚያ እንቁላል ሲፈነዳ ግሊሰሮል ይለቃል። ግሊሰሮል ለቪብሪዮ ስኳር ማለት ነው። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበቅለው አርቴሚያ ብቻ አይደለም። ከዚያ ላይ የዘይት ኢሙልሽን ለ12 ሰዓት በሞቀ ውሃ ስትጨምርበት ባክቴሪያውንም አብረህ እያበለጸግክ ነው። ያንን በባልዲ አሳድረህ ለእጭ ስትሰጥ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ስብ ስለጎደለው ብቻ ነው የሞተው ማለት ያስቸግረኛል። የደከመ እጭ ቅርፊቱን ለመጣል ጉልበት የለውም፤ ያደከመው ረሃብም ሊሆን ይችላል፣ በሽታም።

እኛ የምናደርገው ይህን ነው። እንቁላሉን አንድ ሰዓት ውሃ ውስጥ አስነክረን ልጣጩን በበረኪና እናወልቃለን። ቡናማው ወደ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካንማ ሲቀየር ወዲያው አጥልለን ሽታው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ እናጥበዋለን፣ ቀሪውን ክሎሪን በሶዲየም ታዮሰልፌት እናመክናለን። በረኪናው ሲሠራ ስለሚሞቅ በረዶ በአጠገባችን ይኖራል፣ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ፅንሱ ይሞታል። ልጣጭ ስለማይኖር እጩ ልጣጭ ውጦ አንጀቱ አይዘጋም፣ በልጣጩ ላይ የመጣው ባክቴሪያም ይቀንሳል። ከዚያ ሲፈለፈልም ሲበለጸግም በወንፊት ይዘን በተጣራ ውሃ ወራጁ ጥርት እስኪል እናጥባለን፣ አረፋው እስኪጠፋ። አረፋ ካለ ዘይት አለ። በየሳምንቱ ከአርቴሚያው ገንዳና ከእጮቹ ገንዳ ውሃ ወስደን ቲሲቢኤስ በተባለው፣ ቪብሪዮ በሚያድግበት የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እንዘራለን። አረንጓዴ ነጠብጣብ ሲበዛ ያንን ቀን አርቴሚያውን አንሰጥም።

ጥልቅ ውሃ፦

በዚህ እስማማለሁ፣ ማጠቡን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ነገር ግን ሦስቱም ዙር በአንዱ እርከን ላይ፣ በአንዱ ዓይነት አሟሟት መቆሙ ወደ ምግቡ ይስበኛል። ቪብሪዮ ቢሆን ኖሮ አንዱን ዙር ዞኢያ 2 ላይ፣ ሌላውን ዞኢያ 4 ላይ ይመታው ነበር። አንድ ቀን ደግ፣ አንድ ቀን ክፉ ነው እሱ።

የጨው ገበሬ፦

ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ጥሩ ነገር እያወራችሁ ነው። እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ለሥልጠና ወደ ቬትናም፣ ወደ ሜኮንግ ዴልታ ሄጄ የሸርጣን ማስፈልፈያዎችን አይቻለሁ። እነሱ በብዛት የሚያሳድጉት ሲላ ፓራማሞሳይንን ነው፣ ያንተን ዓይነት አይደለም፤ የእጩ ጠባይ ግን ይቀራረባል።

አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። ዞኢያ 1 አድኖ አይበላም። ይዋኛል፣ የገጠመውን ይይዛል። ስለዚህ የመኖው ብዛት ብቻ ሳይሆን የመኖው ፍጥነት ወሳኝ ነው። ሮቲፈር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ይያዛል። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ግን ከ400 ማይክሮን በላይ ነው፣ ይፈጥናልም። ቬትናሞቹ ለትንንሾቹ የሚሰጡት ሙሉ ከመፈልፈሉ ጥቂት ሰዓት በፊት የሚሰበሰበውን ነው፤ ከልጣጩ ወጥቶ በስስ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ፣ ጃንጥላ የሚሉትን። አይዋኝም፣ አስኳሉም ገና አልተነካም። አርቴሚያውንም ከሩቅ አያመጡም። ቪን ቻው በሚባል የጨው ማምረቻ አካባቢ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ቤይ የመጣውን ዘር በጨው ኩሬ እያራቡ እንቁላሉን ራሳቸው ያመርታሉ። ገበሬው ጎህ ሲቀድ በኩሬው ዳር ነፋሱ የገፋውን ቡናማ አረፋ በጨርቅ መረብ ሲጠርግ አይቻለሁ፤ ያ አረፋ ሁሉ እንቁላል ነው።

እንግዲህ ለአንተ የምለው፦ ያልበለጸገ አርቴሚያ የምትሰጥ ከሆነ እንደተፈለፈለ ስጠው። ከተፈለፈለ 8 ሰዓት ያህል አፉ ዝግ ነው፣ አይበላም፣ ከስንቁ ነው የሚኖረው። በቆየ ቁጥር ስንቁን እየጨረሰ ነው። ማበልጸግም ትርጉም የሚኖረው ቅርፊቱን አንዴ ጥሎ መብላት ሲጀምር ነው፤ ከዚያ በፊት ኢሙልሽን ብትጨምር ውሃውን ማቆሸሽ ብቻ ነው። የበለጸገው ደግሞ ያድጋል፣ ከ600 ማይክሮን ያልፋል፤ ለዞኢያ 3 መጀመሪያ ሊተልቅበት ስለሚችል አጭር ሰዓት ያበለጸግከውን ስጠውና ሲበላው በዓይንህ አይተህ ቀጥል።

ሌላው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይር። አንዱን ገንዳ እንደ ድሮው ተወው። ካልሆነ ቢድንም ምን እንዳዳነው አታውቅም።

ጥልቅ ውሃ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ማንግሮቭ ዳር፣ አንድ ጥንቃቄ ልጨምርልህ፣ ምክራችንን ሰምተህ ኢሙልሽኑን እንዳታበዛው ስለምፈራ። እነዚያው ተመራማሪዎች ያዩት ሌላ ነገር አለ። ኦሜጋ 3 ሲበዛባቸው አንዳንድ እጮች እድገታቸው ይሮጥና ገና ዞኢያ 5 ሳሉ የሜጋሎፓ የሚመስል ትልቅ መቆንጠጫ ያበቅላሉ። ያ መቆንጠጫ በጠባቡ ቅርፊት ውስጥ ይያዛል፣ ሲጥሉ አይወጣም። ስለዚህ ከጉድለትም ከብዛትም የሚመጣው ሞት ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው። የሚለየው ማይክሮስኮፑ ነው። የሞቱትን ተመልሰህ እያቸው፤ መቆንጠጫቸው ከሌላው አካላቸው ጋር ሲነጻጸር ገዝፏል ወይስ አካላቸው በሙሉ ቀጭን ነው?

ማንግሮቭ ዳር፦

በፎርማሊን ያስቀመጥኩት ነበርና አሁኑኑ አየሁት። ቀጫጭን ናቸው። መቆንጠጫቸው ትንሽ ነው። ኢሙልሽኑን ደግሞ ከፍቼ አሸተትኩት፤ ከተከፈተ አራት ወር ሆኖታል፣ የተቀመጠውም መደርደሪያ ላይ ነው። ሽታው የተበላሸ የዓሣ ዘይት ነው። ለአራት ወር ያንን ነበር የምሰጣቸው። በጣም አዘንኩ።

አምባዛ አርቢ፦

ይቅርታ፣ ውይይቱን ላለማስቀየስ አጭር ጥያቄ። እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ የአምባዛ ጫጩት አሳድጋለሁ። አርቴሚያ ውድ ነው፣ ሲገኝም በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ ሁሉ የዲኤችኤ ጉዳይ እኔንም ይመለከተኛል?

ጥልቅ ውሃ፦

ያን ያህል አይመለከትህም፣ ደስ ይበልህ። አምባዛ የጣፋጭ (ጨው አልባ) ውሃ ዓሣ ስለሆነ ከአጭሩ ኦሜጋ 3 ተነስቶ ረጅሙን በተወሰነ መጠን ራሱ ይሠራል። አንተን የሚጎዳህ ሌላ ነገር ነው፦ አርቴሚያ የጨው ውሃ ፍጡር ስለሆነ በገንዳህ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይሞትና ውሃውን ያበላሻል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጥ። ከዚያ በላይ ግን ሞይና የተባለውን ደቃቅ የውሃ ፍጡር በኩሬ ማራባት ተማር። በጣፋጭ ውሃ ይኖራል፣ የተረፈው አይሞትብህም፣ ዶላርም አይፈልግም።

ማንግሮቭ ዳር፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።

ጋሼ እንዳሉት ከሦስቱ ገንዳ አንዱን ባለበት ተውኩት፣ ኢሙልሽኑን ብቻ በአዲስ ቀየርኩ፤ የተበላሸውን ሆን ብዬ መስጠት አልቻልኩም። በሁለቱ ገንዳዎች እርሾውን ሙሉ በሙሉ አቆምኩ። ሮቲፈሩ ከናኖክሎሮፕሲሱ ወጥቶ ለእጩ ከመሰጠቱ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሰዓታት አይሶክራይሲስ በተባለው ቡናማ አልጌ ውስጥ እንዲያሳልፍ አደረግኩ፤ ዲኤችኤ ያለው እሱ ስለሆነ። ይህን አልጌ ማሳደግ ከባድ ነው፣ ሙቀት አይወድም፣ ሁለት ጊዜ ሞተብን። ከዞኢያ 3 መጨረሻ ጀምሮ የበለጸገ አርቴሚያ ሰጠሁ፣ ግን በቀን አንድ ጊዜ ማበልጸጉን ትቼ በሁለት ባልዲ ጠዋትና ማታ እያፈራረቅኩ። የተረፈውን ከበረዶ ጠርሙስ ጋር አስቀመጥኩ። በረኪናውንም ሞከርኩት፤ የመጀመሪያውን 50 ግራም እንቁላል አሙቄ ገደልኩት፣ ሁለተኛው ተሳካ።

ባለበት የተውኩት ገንዳ 17ኛው ቀን ላይ እንደ ድሮው ወለሉ ነጣ። ያን ያህል ባይበዛም ያው በቅርፊት የተያዙ ናቸው። አንዱ የተሻሻለው ገንዳ ዞኢያ 2 ላይ በሌላ ምክንያት ወደቀብን፤ ሌሊት አየር የሚነፋው ሞተር ቆሞ ነው፣ ከመኖው ጋር አይገናኝም። ሦስተኛው ግን በሕይወት ጸና።

በ18ኛው ሌሊት ከቀኑ ፈረቃ በኋላ አልሄድኩም። በባትሪ ወደ ገንዳው ሳበራ ዞኢያዎቹ እንደ ወትሮው ወደ ብርሃኑ ሲመጡ፣ በመካከላቸው ሌላ ዓይነት የሚዋኝ አየሁ፤ ቀጥ ብሎ፣ መቆንጠጫውን ዘርግቶ ወደፊት የሚወረወር። አንዱን በብርጭቆ ቀዳሁት። የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ወጥቶ በእግሩ ቆመ። አሮጌው ቅርፊት ከጎኑ ባዶውን ተንሳፍፏል፣ ሙሉ ነው፣ የእግሮቹ መያዣ እንኳ ሳይቀደድ። አለቃዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ጠራሁት። እስከ ንጋት ድረስ ቆጠርን፤ ብዙ ነው አልልም፣ ግን በዚህ ማስፈልፈያ እስከዛሬ ያየነው ትልቁ ቁጥር ነው።

አሁን አዲስ ችግር አለ። ቀድመው ሜጋሎፓ የሆኑት ወደኋላ የቀሩትን ዞኢያዎች እየያዙ ይበላሉ። ምን ላድርግ?

ፈረቃ ሌሊት፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ቪብሪዮውን እየዘራህ ነው አይደል? አሁን ብዙ ስለሚበሉ ውሃው ቶሎ ይቆሽሻል።

የጨው ገበሬ፦

ልጄ፣ ዛሬውኑ ለያቸው። ሜጋሎፓው መያዝ ይወዳል፤ አሮጌ መረብ በክር አንጠልጥልለት፣ ይሰቀልበታል፣ ከነመረቡ አንስተህ ወደ ሌላ ገንዳ ታዛውረዋለህ። በሚሊ ሊትር የሚቆጠረውን ትንሹን አርቴሚያ ተወው፣ አሁን ለሱ ጥቂት ነው፤ አድጎ ያደረ ትልቅ አርቴሚያ ስጠው፣ በላዩ ላይ በጣም ደቅቆ የተከተፈ የሽሪምፕ ሥጋ። እንዳይራብ። ከተራበ እርስ በርሱ ይጨራረሳል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቢሆነው ነው፣ ከዚያ ጭራውን ከሆዱ ሥር አጥፎ ትንሽ ሸርጣን ሆኖ ወለሉ ላይ ሲሄድ ታየዋለህ። ያኔ ጨዋማነቱን ቀስ በቀስ ማውረድ ጀምር፣ መረቡን ግን አታንሳ።